በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ

የእኛ ሰው ፍቅሩን የሚያስቀምጥበት ቦታ ቸግሮት አያውቅም። ሌላ ሰው ሆድ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የቀረው ዓለም ሰው ሲወድ አበባ ይገዛል፣ ካርድ ይልካል፣ ግጥም ቢጤ ይሞካክራል፤ እኛ ግን አበባውንም ግጥሙንም ትተን እንጀራ እንጠቀልላለን። ጠቅልለን ብናስቀምጠው ደግ ነበር፤ አፋችሁ ድረስ እናመጣዋለን። አፋችሁን ከዘጋችሁብን ደግሞ የመጨረሻውን መሣሪያ እንመዛለን። «በሞቴ!»

እስቲ ልብ ብላችሁ አስቡት። ሰው በሞቱ የሚምለው ለከባድ ነገር መሆን ነበረበት፤ የተጣላ ለማስታረቅ፣ የጠፋ ለማስፈለግ፣ ቢያንስ ቢያንስ ፍርድ ቤት ቆሞ። እኛ ነፍሳችንን የምናስይዘው ለአንዲት ጉርሻ ነው፤ ያውም ጠግቦ ለተነሣ ሰው።

ካማው የሚባል ኬንያዊ የሥራ ባልደረባ አለኝ። አንድ ቀን ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ባለው የእህቴ የትርሲት ምግብ ቤት ምሳ ጋበዝኩት። ትርሲት እንግዳ ስታይ እንዴት እንደምትሆን አልነግራችሁም፤ የእናንተም እህት እንደዚያው ናት። ካማው ጥግብ ብሎ እጁን ሊታጠብ ብድግ ሲል ትልቅ ጉርሻ ይዛ መንገዱን ዘጋችና «በሞቴ!» አለችው። ምን እያለችኝ ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ክው አለ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ታማለች እንዴ?» አለኝ። ባህል መሆኑን ባስረዳውም አልሰማኝም። የሰው ነፍስ በእሱ ጉሮሮ ላይ ተንጠልጥላ እንዳትቀር ተመልሶ ተቀመጠና የቀረበለትን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ ምሳ ስጋብዘው ስብሰባ አለብኝ ይለኛል።

በካማው መሳቅ ይቻላል። ካማው ትልቅ ሰው ነው፤ ስብሰባ አለብኝ ማለት ያውቃል። ልጅ ግን ስብሰባ የለውም።

የትርሲት ልጅ ኤልዳና ትባላለች። ናይሮቢ ተወልዳ ናይሮቢ ያደገች፣ ገና አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት፣ ምላሷ የሰላ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ልጅ ናት። አማርኛዋን በእንግሊዝኛ አጥባ በስዋሂሊ ታሰጣዋለች። አንቱታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ብላ ነው የምትጨርሰው፤ እኔን ደግሞ «አንክል» ትለኛለች። እወዳታለሁ። ውፍረቷ ከዓመት ዓመት ሲጨምር ግን ሁላችንም እያየን እንዳላየን አለፍን። አላየንም ብል ውሸት ነው፤ እያየን «ተመችቷታል» እንል ነበር።

ከየት መጣ ብሎ መጠየቅም የዋህነት ነው። ጠዋት የትምህርት ቤት ቫን ከሚኖሩበት ፎቅ በር ይወስዳታል፣ ከሰዓት እዚያው በር ላይ ይጥላታል። ከበሩ እስከ ቤቷ ደግሞ ሊፍት አለ። ውጭ ወጥታ እንዳትጫወት እናቷ መንገዱን ትፈራለች፤ ግቢው ውስጥ እንዳትጫወት ግቢው በሙሉ የመኪና ማቆሚያ ነው። ስለዚህ ከትምህርት በኋላ በታክሲ እናቷ ምግብ ቤት ሄዳ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ሳይበላ አይነሣም። አስተናጋጇ ስታልፍ ሳምቡሳ ጣል ታደርግላታለች፣ ደንበኛው «አንቺ የትርሲት ልጅ አይደለሽም እንዴ?» ይልና ጉርሻ ይጠቀልላል፣ ለስላሳ መጠጡ ደግሞ ሳይጠየቅ ይመጣል። በጾም ይሻላል እንዳትሉኝ። በጾምማ ሥጋና ቅቤው ሲቀር እጃችን ዘይት ላይ ይፈታል፤ ድንቹ ይጠበሳል፣ ሳምቡሳው ይጠበሳል፣ ጾመኛዋ ልጅም አንጀቷ እንዳይታጠፍ ተብሎ እጥፍ ይቀርብላታል።

የሚያናድደኝ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጎ «ስታምር!» ይላል። በዓመቱ ያው ዘመድ ይመለስና «ምነው ይህን ያህል? አትቆጣጠሯትም እንዴ?» ብሎ እሷው ፊት ይጠይቃል። በአንድ እጁ እያጎረሳት። የሚያበላትም የሚታዘባትም አንድ ሰው ሲሆን ልጅቷ በየት በኩል ትሽሽ?

ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረባት። የስፖርት አስተማሪው ኢትዮጵያዊት መሆኗን ሲሰማ ዓይኑ በራ። እስቲ አስቡት፤ ኬንያ ውስጥ ኢትዮጵያዊ መሆን ማለት ሳትጠየቁ ሯጭ መሆን ማለት ነው። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ተስፋ አድርጎ ነው ረጅሙ ሩጫ ውስጥ ያስገባት። ኤልዳና ሌሎቹ ገብተው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ጫማ ቀይረው ሲያበቁ ብቻዋን እየተጎተተች ገባች። ተማሪዎቹ አጨበጨቡላት። ደግ ጭብጨባ እንዳልነበረ ለእኔ ስትነግረኝ ዓይኖቿ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ከዚያ በኋላ ስፖርት ባለ ቁጥር ሆዷን ያማት ጀመር።

ነገሩ የወጣው በአንገቷ ነው። አንገቷ ኋላ ላይ ጠቆር ያለ ነገር ወጣና ትርሲት እድፍ መስሏት በሳሙና ስትፈትገው ከረመች። ልጅቷ ትጮሃለች፣ እናት ትፈትጋለች፣ ጥቁረቱ ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ይዘናት ሄድን፤ እኔ መኪናዬን ይዤ ሾፌር ሆኜ። ዶክተር አኪኒ የምትባል ረጋ ያለች ሴት አንገቷን አየች፣ ደም አስመረመረች፣ ውጤቱን ይዛ ከፊታችን ቁጭ አለች። የአንገቷ ጥቁረት የስኳር በሽታ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ስኳሩ ገና አልገባም፣ ደጃፍ ላይ ቆሟል አለችን። ትርሲት እጄን ጨበጠችኝ።

«እንዳታስርቧት» አለች ዶክተሯ። «ጠዋት ጠዋት ሚዛን ላይ እንዳታቆሟት። ገና እያደገች ነው። የሚቀየረው እሷ ሳትሆን ቤታችሁ ነው። ለስላሳውን ትታችሁ ውሃ ጠጡ፣ አትክልት አብዙ፣ በጊዜ ትተኛ፣ በየቀኑ ደግሞ ተንቀሳቀሱ፤ አብራችሁ። የትምህርት ተርሙ ሲያልቅ አምጥታችሁ አሳዩኝ።» «አብራችሁ» ስትል ዓይኗ ትርሲት ላይ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እኔ ሆድ ላይ ሆነ።

በመኪናዬ ወደ ቤት ይዣቸው ተመለስኩ። እናታችንን የወሰደብን ስኳር ነው። መጀመሪያ እግሯን፣ ቀጥሎ ዓይኗን፣ በመጨረሻ እሷን። ትርሲት ይህን ጮክ ብላ አላነሣችውም፤ እኔም አላነሣሁትም። ኤልዳና ከኋላ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች። ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ወሬው ትርሲት ያለችበት የጽዋ ማኅበር እናቶች ዘንድ ለመድረስ አልዘገየም። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት እትዬ ጽጌ ናቸው። እትዬ ጽጌ ሌባ በማይታጣበት የኢስትሊ ገበያ ውስጥ የባልትና ሱቅ አላቸው፤ ለሰው መድረስ ላይ የሚስተካከላቸው የለም። በሶ ይዘው መጡ። ተልባ ይዘው መጡ። ማር በጥቁር አዝሙድ ለውሰው ይዘው መጡ። ሌሎቹ እናቶችም እንዳይታሙ አጃውን፣ ቴምሩን፣ «ስብ ያቀልጣል» የተባለውን ሁሉ ተሸክመው ደረሱ። ምክሩም መድኃኒቱም ሁሉ የሚዋጥ ነበር። የማይበላ ነገር ይዞ የመጣ አንድ ሰው እንኳን አላየሁም። በባዶ ሆድ መውሰድ ደግሞ ጥሩ አይደለም ስለተባለ ሁሉም የሚሰጣት ከምሳ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ምግብ ቤቱ ጎራ ስል ኤልዳና በሶ የሞላ ኩባያ ፊቷ ተቀምጦ አገኘኋት።

«አንክል፣ ሲሪየስሊ» አለችኝ፣ «ብዙ እንዳልበላ ብለው እኮ ነው የሚያበሉኝ።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ለትርሲት ዶክተሯ ያዘዘችው መንቀሳቀስ መሆኑን አስታወስኳት። ምክር ላይ ማን ብሎኝ፤ ቁጭ ብሎ ስለ እግር ጉዞ ጥቅም ማውራት የሚችልበት ሰው ቢፈለግ እኔ ነኝ። «የት እንሂድ?» አለች። አርቦሬተም አልኳት፤ ከኪሊማኒ ብዙም የማይርቀው፣ ዛፍ የሞላው፣ ሰው በነጻነት የሚራመድበት ቦታ። እትዬ ጽጌ ሲሰሙ ነገሩን በእጃቸው አስገቡት። ቅዳሜ ጠዋት ተቀጣጠርን።

ቅዳሜ ስደርስ ጉዞው የጤና መሆኑ ቀርቶ የንግሥ በዓል ሆኗል። እናቶቹ ነጠላቸውን ለብሰዋል። የምሳ ዕቃው ተደራርቧል፣ ሙቅ ውሃ መያዣው አለ፣ ቆሎው አለ፣ አልጫው አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እትዬ ጽጌ በሙዝ ቅጠል የጋገሩት ድፎ ዳቦ ለብቻው አንድ የመኪና ወንበር ይዞ ተቀምጧል። «ሰው ተራምዶ ሳይበላ ይመለሳል እንዴ?» አሉ ስጠይቃቸው። መኪኖቹ ልክ በሩ ሥር አራገፉን። ዘበኛው ዕቃውን አየና፣ ምግባችሁን ጠብቁ፣ እዚህ ያሉት ጦጣዎች ሌቦች ናቸው ሲል አስጠነቀቀን። እትዬ ጽጌ «እኛ የመጣነው ከኢስትሊ ነው!» ብለው አለፉት።

ገና የመጀመሪያዎቹን ዛፎች እንዳለፍን «በጣም ደከማችሁ» ተባለና አንሶላ ተነጠፈ። ዙሪያችንን የስፖርት ልብስ የለበሱ ኬንያውያን ሽቅብ ቁልቁል ይሮጣሉ፤ እኛ ዳቦ እንቆርሳለን። ኤልዳና አንሶላው ጫፍ ላይ ኩርምት ብላለች። እትዬ ጽጌ ዳቦውን በአልጫ ነክረው ጉርሻ አዘጋጁ። «ነይ የኔ ቆንጆ፣ ለአንቺ ጤና ብለን እኮ ነው የመጣነው!» ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ እጅ ተዘረጋ፣ ደግሞ ሌላ። ትርሲት የዶክተሯን ነገር መርሳቷ አልነበረም፤ ማኅበረተኛ ሲያፍር ማየት ጨነቃት መሰለኝ።

«ኤልዱዬ፣ በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ» አለች።

የልጅቷን ፊት አየሁት። እምቢታው ሲረግፍ፣ ትከሻዋ ሲወርድ፣ አፏ በግድ ሲከፈት አየሁ። ያኔ ነው ከየት መጣ ሳይባል አንድ ጦጣ ዘሎ ጉርሻውን ከእትዬ ጽጌ እጅ የተቀበላቸው። ምንም ልመና አላስፈለገውም።

ጩኸቱ ገና ከአፋችን ሳይወጣ ጓደኞቹ ደረሱ። አንዱ ቆሎውን በተነው፣ ሁለት ሆነው ደግሞ ድፎ ዳቦውን እየጎተቱ ጉዞ ጀመሩ። እትዬ ጽጌ ከተቀመጡበት እንዴት እንደተነሡ አላየሁም፤ ሳያቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየሮጡ ነበር። «ሌባ! ያዙት! ያዙልኝ!» እናቶቹ ነጠላቸውን እያንዠረገጉ ተከተሏቸው። ትርሲት ተከተለች። ኤልዳና መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች፤ ቀጥላ ተነሣችና እሷም ሮጠች። ሯጮቹ መንገድ ለቀቁልን። አንዱ ጎልማሳ እያጨበጨበ «ኢትዮጵያዎቹ መጡ፣ ጎበዝ ዛሬ አለቀልን!» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጮህ ሌሎቹ «ትዌንዴ! ትዌንዴ!» እያሉ አጀቡን፤ እንሂድ፣ እንሂድ ማለታቸው ነው። ኤልዳና እናቷን አለፈቻት፤ እናቶቹንም አለፈቻቸው። ማን ያያል፣ ማን ያጨበጭባል የሚለውን ረስታው ነበር።

ዳቦው ዛፍ ላይ ወጣ። እኛ ከሥሩ ሣር ላይ ተዘረርን። የነበረን ውሃ ብቻ ነበር፤ እሱኑ ጠርሙሱን እየተቀባበልን ጠጣን። ሳቁ ሲበርድልን ትርሲት የልጇን ላብ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላትና «እርቦሻል አይደል እናቴ? ስንመለስ ደህና አድርገሽ ትበያለሽ፣ በሞቴ» አለቻት። ልማድ ነው። ክፋት የለበትም።

«ማሚ፣ ፕሊስ፣ በሞቴ አትበዪኝ» አለች ኤልዳና።

ሣሩን ነጨች።

«ትንሽ ሆኜ እምቢ ካልኩሽ የምትሞቺ ይመስለኝ ነበር። ለዛ ነው ዝም ብዬ የምበላው። አሁን እንደማትሞቺ አውቃለሁ። ባት ስትዪው አሁንም እፈራለሁ።»

ይህን ቃል ሕይወታችንን ሙሉ በትነነዋል። እኛ ስንሰማው ያደግነው ከመቶ አክስቶች አፍ ነው፤ ማንም ሞቶ ስላላየን ቀልድ መሆኑን ሳንማር አወቅነው። ይህች ልጅ ግን ያደገችው ከአንዲት እናት ጋር በሰው አገር ነው፤ እናቷ እሞታለሁ ስትላት አመነቻት። እየጠገበች በላች። እናቷን ለማዳን በላች።

ትርሲት ልጇን ወደ ደረቷ ሳበችና «አልሞትም» አለቻት። «ባትበዪም አልሞትም። ማሪኝ ልጄ፣ ባትበዪም አልሞትም።» ሁለቱም አለቀሱ። እኔም ዓይኔ ውስጥ አንድ ነገር ገባ ብል የምታምኑኝ አይመስለኝም። እትዬ ጽጌ ማልቀሱ ሲበዛባቸው ጊዜ «ኧረ በሞቴ አታልቅሱ!» ብለው አምልጧቸው አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። መጀመሪያ የሳቀችው ኤልዳና ናት።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። የቤት ሥራው ጠረጴዛ ከወጥ ቤቱ በር ተነሥቶ መስኮት ዳር ሄደ፤ ለስላሳው ቀርቶ ሎሚ የተጨመረበት የውሃ ማሰሮ ተተካ። ትርሲት የወጡን ዘይት ቀነሰች፤ ደንበኞች አኮረፉ፣ ለመዱ። ምግብ ቤቱ ሲዘጋ ታክሲ መጥራት ቀርቶ እናትና ልጅ ገና ሳይመሽ በእግራቸው ወደ ቤት መሄድ ጀመሩ፤ መጀመሪያ ትርሲት ቦርሳዋን አንቃ፣ ቦዳ ቦዳ የሚሉትን ባለ ሞተር ሳይክል ሁሉ በጥርጣሬ እያየች፣ ኋላ ግን የጥጉን ሙዝ ሻጭ በስም ጠርታ ሰላም እስከማለት ደረሰች። ፋሲካ ሲመጣ ግን ሁሉን ነገር ውሃ በላው፤ ሳምንቱን ሙሉ ዶሮና ክትፎ ላይ ነበርን። አንድ ቀንም ትርሲት የልጇ ቦርሳ ውስጥ የቺፕስ ከረጢት አገኘች። ልትጮህ አፏን ከፍታ፣ መልሳ ዘግታ፣ «እንሂድ፣ እየተራመድን እናወራለን» አለቻት። ይህን ስትነግረኝ በእህቴ ኮራሁ።

የቅዳሜው ጉዞ ቀጠለ፤ ያለ ዳቦ። ሌሎቹ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ ራቅ ካለው ሰፈር፣ ከሳውዝ ሲ ድረስ። ልጆቹ መጀመሪያ ተጎትተው፣ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ነበር የሚመጡት። ኋላ እርስ በርስ ተገናኙ፤ በዚያች እኛ በማትገባን ቋንቋቸው እያወሩ፣ ኳስ እየተጠላለፉ፣ ከእኛ ቀድመው ይሄዳሉ። ማንም ስለ ኪሎ አያወራም። ኤልዳና የስፖርት አስተማሪውን ራሷ ሄዳ አነጋገረችው፤ ረጅም ሩጫ አልፈልግም፣ ኔትቦል አስገባኝ አለችው፤ የቅርጫት ኳስ ቢጤ ነው። አስገባት። የሆድ ቁርጠቷም በዚያው ጠፋ። እትዬ ጽጌ ብቻ እስካሁን ይቸገራሉ፤ «በሞ...» ብለው ይጀምሩና ቀሪውን ይውጡታል።

ተርሙ አለቀ። ዶክተር አኪኒ ወረቀቱን ስታይ እኔ የምመለከተው የትርሲትን ጣቶች ነበር፤ የነጠላዋን ጥለት እየፈተሉ ነበር። ዶክተሯ ፈገግ አለች። ሚዛኑ ብዙ አልተለወጠም፤ ቁመቷ ግን ጨምሯል፤ ስኳሩም ከደጃፉ ተነሥቶ ሄዷል፤ በዚሁ ቀጥሉ አለችን። ምን አድርጋችሁ ነው ብላ ስትጠይቅ ኤልዳና ምንም ሳታቅማማ «ጦጣዎቹ ናቸው» አለቻት። ዶክተሯ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ትርሲት ግን ልቧ ቅቤ ጠጣ። ይህኛው ቅቤ ማንንም አያወፍርም።

ውጭ ስንወጣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። የመኪናዬን በር ከፈትኩላቸው። እናትና ልጅ ተያዩ።

«እኛ በእግራችን ነን» አለች ትርሲት።

«በዚህ ጭቃ? እንግዲያው ቀድሜያችሁ ቤት እጠብቃችኋለሁ» አልኩና ተነሣሁ።

ናይሮቢን ዝናብ ከጣለ በኋላ የምታውቁ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው አደባባይ ላይ ቆምኩ። ትንሽ ተንፏቀቅኩ፤ ደግሞ ቆምኩ። ከፊቴ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ፣ ከኋላዬ ማታቱ፣ በግራና በቀኜ ቦዳ ቦዳ። የመቀመጫው ቀበቶ ሆዴን ያዝ ስላደረገኝ ላላ እያደረግኩት ሳለ መስኮቱ ተንኳኳ።

ኤልዳና ናት። ጫማዋ ጭቃ ለብሷል፤ ጥርሷ በሙሉ ይታያል።

«አንክል፣ ውረድና ና!»

«መኪናውን የት ጥዬ?»

ትከሻዋን ነቀነቀችና አለፈች። ትርሲት ዞር ብላ እንኳን አላየችኝም፤ ከልጇ እኩል ለመራመድ ትንፋሿን እየቆጠበች ነበር። ከፊቴ ያለው ማታቱ ሞተሩን አጠፋ። እኔም አጠፋሁ።